ለጠላፊው የመጡ ሽማግሌዎች

ካሣ ሸዋወርቅን ከሁሩታ ገበያ መንገድ እንዴት እንደጠለፋት በየበዓሉ ያወራል። እሱ ፈረሱን ሲጋልብ፣ እሷ ስትጮህ፣ ወንድሟ በእግሩ ሲያባርር፤ እንግዳው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሸዋወርቅም ጠላ እየቀዳች ትስቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳቀች። ምን ታድርግ? ያን ጊዜ ሰው ይህንን ወንድነት ይለው ነበር፣ ትዳርም ይለው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ልጃቸው ፀሐይቱ፣ ናዝሬት ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል ስታስቆጥር ውላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች። ጠላፊው አሳምነው የሚባል የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። ካሣ ወሬውን ሲሰማ ገጀራውን መዝዞ "አንገቱን ነው የምቆርጠው" እያለ ግቢውን ዞረ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሸዋወርቅ ባሏን የወደደችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሐዲስ ነበሩ፤ እኒያው በየስብሰባው "ጠለፋ የፊውዳል ርዝራዥ ነው" እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የሚጮኹት ሰውዬ።

"ካሣ፣ አንተስ እንዴት ነበር ያገባኸው?" አሉ ፈገግ ብለው። "ልጅቷ እንደሆነች አንዴ ተነክታለች። ከእንግዲህ ማን ያገባታል?"

ካሣ ገጀራውን ግድግዳ አስደግፎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አቶ ሐዲስ፣" አለች ሸዋወርቅ፣ "የሴቶች ማኅበር ሲመሠረት የተናገሩትን ረሱት?"

"እሱ የመድረክ ነው፣ እመቤት። ይኼ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

ሸዋወርቅ ጓዳ ገብታ የሙቀጫውን ዘነዘና በነጠላዋ ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች፤ በመጀመሪያው መኪናም ወንጂ ገብታ የአሳምነውን ቤት ጠያይቃ አገኘች።

የአሳምነው እህት በሩ ላይ ልታስቆማት ሞከረች፤ ገፍትራት አለፈች። ፀሐይቱ እግሯ በገመድ ታስሮ መሬት ላይ ተኝታለች። ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። አሳምነው ከመደቡ ብድግ አለ።

"እናቴ፣ ነገሩ እኮ አልቋል። ሽማግሌ ልኬ..."

ሸዋወርቅ ዘነዘናውን ትከሻው ላይ አሳረፈችበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሲወድቅ ጉልበቱን ደገመችው። እንደ ጥጃ እየጮኸ ወደ ግድግዳው ተሳበ። እሷ ግን አልራራችም፤ ይህን እውነት መደበቅ አያስፈልግም፤ ልቧ በደስታ ይመታ ነበር። ሦስተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ልታወርድ ስትል ፀሐይቱ "ይብቃው እማዬ፣ ውሰጂኝ" አለች። ሸዋወርቅ ዘነዘናውን ጥላ ገመዱን በጥርሷ ፈታች።

አንድ የሸንኮራ ትራክተር ነጂ አዝኖላቸው ተጎታቹ ላይ አሳፈራቸው። ፀሐይቱ ራሷን እናቷ ጭን ላይ አድርጋ ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ ጠየቀች።

"አንቺንስ ሊወስድሽ የመጣ ሰው አልነበረም?"

"እናቴ መጥታ ነበር" አለች ሸዋወርቅ። "ቅያሪ ቀሚስ ሰጥታኝ ተመለሰች።"