ታየች ጃንጥላዋን ልታስመልስ የሄደች ዕለት

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ፣ ታየች ተቆጣች። በዚያ ዓመት ያልተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ባንዲራውን ተክሎ እህል ይጭናል፣ ከብት ይነዳል፣ ወንድ ያስራል። የታየች ቁጣ ግን የብቻዋ ነበር። እሷ ስትቆጣ የመንደሩ ውሻ ጭራውን አጥፎ ይገባል፤ ሰባት ቤት ወዲያ የተጣደ ወጥ ያርራል፤ አንዴማ በረዶ ሊጥል የመጣ ደመና የሷን ድምፅ ሰምቶ ወደ መርጡለ ማርያም አቅጣጫ ዞሮ መሄዱን ያዩ አሉ።

ደግሞ የተቆጣችው ጣልያንን አልነበረም። ጣልያን ጠላት ነው፤ ከጠላት ሌላ ምን ይጠበቃል? የተቆጣችው ቂርቆስን ነው። ከቂርቆስም አልፋ የቂርቆስን ጌታ።

ባሏ ድረስ ከአርበኞች ጋር ዱር በገባ ጊዜ «በሕይወት መልስልኝና ጃንጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ለዝግባ ቂርቆስ ተስላ ነበር። ድረስ ጥይት እንኳ ሳይነካው ተመለሰ። ታየችም የምትታለብ ላሟን ሸጠች፤ ደብረ ማርቆስ ወርዳ ከነጋዴው ከሱሩር ሱቅ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ገዛች። ዘርፉ ወርቅማ፣ በዙሪያው ትንንሽ ቃጭል የተንጠለጠለበት፣ ሲከፈት አንድ ጎጆ ቤት የሚያህል፣ በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ሁሉ አቻ የሌለው ጃንጥላ። ጥር አሥራ አምስት፣ በንግሡ ዕለት፣ በእልልታ አስገባችው።

በግንቦት ያው ቂርቆስ ባሏን በደጁ አስያዘባት።

ነገሩ በበቅሎዋ በዳሚት ነው የመጣው። ድረስ ቤተ ክርስቲያን ካየ ሳይወርድ፣ ደጀ ሰላሙን ሳይሳለም አያልፍም። ተሳልሞ ሲመለስ የዳሚትን አንገት መታ መታ ያደርጋል፤ ያኔ ትሄዳለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሆን በቅሎዋ ለመደችው። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ ትቆማለች፤ ሰው ወርዶ እስኪሳለምና አንገቷን እስኪመታት ድረስ ሰማይ ቢደረመስ አትነቃነቅም። አገሩ ሁሉ «የድረስ በቅሎ ዲያቆን ናት» እያለ ይስቅ ነበር።

በግንቦት ባንዶች ሲያባርሩት ድረስ እንደ ነፋስ እየጋለበ ዝግባ ቂርቆስ ደጅ ደረሰ። ዳሚት ቀጥ አለች። ወርዶ ተሳለመ። ዞሮ አንገቷን ሊመታ እጁን ሲዘረጋ አምስት ጠመንጃ ደረቱ ላይ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ያገኛት ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ሥራውን ይገልጣል» አላት። ሁለት ወር ሙሉ ታየች ጥርሷን ነከሰች። ቂርቆስን መሳለም ግን ተወች፤ በደጁ ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነው።

ከዚያ አንድ ማለዳ ጎረቤቷ ጤናዬ መጣች። የጤናዬ ወንድም ውበቱም ከድረስ ጋር እስር ላይ ነው፤ ስንቅ አድርሳ መመለሷ ነበር።

«ታየች፣ ዛሬ ያወጧቸዋል» አለች ጤናዬ፣ ከደጃፉ ሳታልፍ። «አሥራ ሁለት ናቸው። መኪናው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞበታል አሉ፤ በእግር፣ በዚሁ በአሮጌው የበቅሎ መንገድ ነው ወደ ደጀን የሚነዷቸው። ከዚያ ዓባይን ያሻግሯቸዋል።»

ዓባይን በጣልያን ገመድ ታስሮ ተሻግሮ የተመለሰ አልታየም። ሁለቱም ያውቁታል።

«መቼም» አለች ጤናዬ እንባዋን እየጠረገች፣ «እግዚአብሔር ሥራውን...»

«ይግለጣ!» ብላ ታየች ብድግ ስትል የተቀመጠችበት በርጩማ ከግድግዳው ተላተመ። «ምን ይጠብቃል? እንድንለምደው ነው? እኔ የምገልጠውን እገልጣለሁ!» ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ቂርቆስ ወጣች።

ቄሰ ገበዙ አባ ወልደ ሚካኤል ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው የዝናብ ውሃ ሲጠርጉ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ጃንጥላዬን ያውጡልኝ።»

«የምን ጃንጥላ ልጄ?»

«ቀዩን። የኔን።»

«ለቂርቆስ የሰጠሽውን?»

«የሰጠሁትን። ቃሉን አፈረሰ።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል፣ እሱ ነዋ!» ጣቷን ወደ መቅደሱ ቀሰረች። «ባሌን መልሶ ሰጥቶኝ ነበር፤ በአራተኛው ወር ደጁ ላይ አሳልፎ ሰጠው። ሲሳለም! እየሸሸ እንኳ ወርዶ ሲሳለመው! እኔ የሰጠሁትን ቀድሜ አልነጠቅሁም። እሱ ነጠቀ።»

«ታየች፣ ተይ። እግዚአብሔር ሥራውን...»

«አባ፣ ይችን ነገር ዛሬ ከጨረሷት እኔና እርስዎ እንጣላለን።»

ሽማግሌው መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፉ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ከደጃዝማች እስከ ባንዳ የፈሩት አልነበረም፤ ይህችን ሴት ግን ፈሯት። ገብተው ጃንጥላውን አመጡና ሰጧት።

«ውሰጂ። ከእሱ ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ አማላጅ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ብቻ እንዳትከፍቺው። ያለ ታቦት አይከፈትም።»

«እከፍተዋለሁ ያለ ማን አለ?» አለችና በብብቷ ሸጉጣው ወደ ደጀ ሰላሙ ወረደች።

ልክ ስትወጣ መንገዱ ላይ ሰልፉ መጣ።

ያ መንገድ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን የቂርቆስ ቅጽር ግንብ፣ በሌላው ወገን ገደል፤ ገደሉን ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሐምሌ ጉም ሞልቶታል። ከፊት አንድ የጣልያን መኮንን በበቅሎ ይመጣል። ከኋላው እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ታስረዋል፤ ግራና ቀኝ ባንዶች አሉ። ከዚያ ወዲያ ጥይትና ዱቄት የጫኑ ከባሕር ማዶ የመጡ በቅሎዎች፣ እያንዳንዳቸው ዝሆን የሚያካክሉ፣ ጫፋቸው የማይታይ።

መኮንኑ የተቀመጠባት በቅሎ ከድረስ ጋር የተማረከችው ዳሚት ነበረች።

ዳሚት ደጀ ሰላሙ ፊት ስትደርስ ቀጥ አለች።

መኮንኑ በተረከዙ መታት። አለንጋ አወጣ። በቋንቋው ጮኸ፤ ስድብ እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ሳይጠነቀቅ እየመጣ ተደራረበ፤ በቅሎ በበቅሎ ላይ ወጣ፤ ባንዶች ተገፉ።

«ጌታዬ፣ ይቺ በቅሎ ካልተሳለሙ አትሄድም» አለ አንድ ባንዳ፣ የአገሩ ልጅ ስለነበር።

መኮንኑ ባንዳውን በአለንጋው ፊቱን ገረፈው።

ያኔ ታየች ድረስን አየችው። ከስቷል። ከአንድ ቀጥቃጭ ጋር ታስሮ፣ በአንድ ዓይኑ እብጠት ላይ ዝናብ እየወረደ፣ እሷን ሳይሆን ደጀ ሰላሙን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየተሳለመ ነው!

የሁለት ወር ቁጣ በአንድ ጊዜ ወደ ጉሮሮዋ መጣ። በባሏ ላይ፣ በበቅሎዋ ላይ፣ በመኮንኑ ላይ፣ በቂርቆስ ላይ። በአገሩ ደንብ ባሏን «አንቱ» ነበር የምትለው፤ ያን ቀን ደንቡ ጠፋት።

«አንተ! አሁንም ትሳለማለህ?» ብላ ጮኸች። «ይኸው! ይኸው ያንተ ቂርቆስ! ይኸው ጃንጥላው!» ብላ ወደ ሰማይ ስታወዛውዘው መቆለፊያው ለቀቀ።

ጃንጥላው ፏ ብሎ ተከፈተ። ያ ቀይ ከፋይ፣ ያ ወርቅማ ዘርፍ፣ ያ ቃጭል ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲንሿሿ ደብረ ማርቆስ ድረስ ተሰማ። ዳሚት ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም፤ በየንግሡ ጃንጥላ ስታይ ኖራለች። የባሕር ማዶዎቹ በቅሎዎች ግን እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። የመጀመሪያው በኋላ እግሩ ቆመ፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ ዞረ፣ ከዚያ ወዲያ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳጥን ተሰበረ፣ ዱቄት ተደፋ፣ ባንዳ ከእግር ሥር ገባ። መቶ ይሁን ሁለት መቶ በቅሎ ያንን መንገድ እየጠረገ ወደ መጣበት ነጎደ።

«ዝለሉ!» አለ ድረስ። አሥራ ሁለቱም ወደ ጉሙ ዘለሉ።

ከመሬት የተነሡ ባንዶች ወደ ጉሙ ተኮሱ። አንዲት ጥይት የጃንጥላውን ዘርፍ በጥሳ አለፈች። መኮንኑ ሽጉጡን አውጥቶ ወደ ታየች አዞረ። ከሱ የሚለያት ሁለት ክንድ ነው። የምትሸሽበት የለም።

ታየች ዳሚትን አየች። ደጀ ሰላሙን አየች። ሁለት ወር ሙሉ ፊቷን ያዞረችበት በር።

«ለአንተ ብዬ አይደለም!» አለችው ቂርቆስን፣ በጥርሷ መሀል፤ በሩን ሳመችው፤ ዞራም የዳሚትን አንገት በጃንጥላው እጀታ መታችው።

ዳሚት ሁለት ወር የጠበቀቻትን ምት አገኘች። ወደ ቤቷ በሚወስደው ቁልቁለት እንደ መብረቅ ተወነጨፈች፤ ሽጉጡ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ መኮንኑ በሦስተኛው ዝላይ ከኮርቻው ተነሥቶ አንገቱ ድረስ ማጥ ውስጥ ተተከለ።

«ጃንጥላው! ታየች፣ ጃንጥላው!» አሉ አባ ወልደ ሚካኤል ከቅጽሩ ውስጥ።

«ገና አልጨረስንም!» አለችና ነጠላዋን ታጥቃ ወደ ጉሙ ገባች።

ከገደሉ ሥር፣ ወድቀው ካረፉበት የዋንዛ ጥሻ ውስጥ፣ ድረስን አገኘችው። ቀጥቃጩ ገመዱን በድንጋይ ቀጥቅጦ እየፈታው ነው። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተሰበሰቡ።

«አየሽ?» አለ ድረስ። «ያን ቀን ዳሚት ባትቆም፣ ከኔ ጋር ባትያዝ፣ ዛሬ ሰልፉን ማን ያስቆምልን ነበር?»

«እና ለዛሬ ብሎ ነው ሁለት ወር ያስገረፈህ? ሌላ መንገድ አጣ?»

«አላውቅም» አለ ድረስ። «እሱን አላውቅም።»

 ዓይኑ ላይ ያለውን እብጠት በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ከዚያ ሰዎቹን ቆጠረች። አሥራ አንድ። እንደገና ቆጠረች።

«ውበቱስ? የጤናዬ ወንድም?»

ከውበቱ ጋር የታሰረው ሰው የተበጠሰ ገመድ አንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ብቻውን ቆሟል። «ስንወድቅ ተለያየን» አለ። «ጠራሁት። አልመለሰም።»

ታየች ጤናዬን አሰበች። በበር ቆማ እንባዋን እየጠረገች ያለቻትን አሰበች። ቃሉን ጮኻ አቋርጣባታለች፤ አሁን ምን ብላ ትነግራታለች?

ድረስ እጇን ይዞ «ይሰሙናል፣ እንሂድ» ሲላት መንጭቃ አስለቀቀችው። ጉሙ መሀል ካለ ቋጥኝ ላይ ወጣች፤ ዘርፉ የተበጠሰውን ጃንጥላ ከፈተች፤ ትነቀንቀው ጀመር።

«አሥራ አንድ ነው የሰጠኸኝ!» አለች ወደ ላይ። «በደንብ ቁጠር! ዘርፉን እሰፋለሁ፣ ጃንጥላህን በእልልታ እመልሳለሁ፣ ደጅህንም በየቀኑ እሳለማለሁ። ግን ከዚህ አልነቃነቅም። ከዳሚት ነው የተማርሁት። ሰምተሃል?»

ቃጭሉ ተንሿሿ። ጠበቀች። ክንዷ እስኪዝል ነቀነቀች። 

ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሰው አሳለ።

«ዘገየህ!» ብላ ጮኸች ታየች፤ እንባዋ ከዝናቡ ጋር እየወረደ። ለውበቱ ይሁን ለቂርቆስ ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።