ካሳዬ ከወረቀት ጋር ሲሟገት

ካሳዬ እንግሊዝኛ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉርድ ሾላ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲያነብ፣ ሲያርምና መልስ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ግን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ ጉድ የሠራው ያው «ምንባቡን አንብባችሁ መልሱ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ክፍል ነው። ሒሳቡን እንኳ፣ ትምህርት ቤት ሳለ የሸሸውን ሒሳብ፣ እንደ ምንም ብሎ አልፎታል።

አንዴ መውደቅ ያጋጥማል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ቡድን መሪ ግን ለመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ወሬ ይሆናል። ይባስ ብሎ አዲስ መመሪያ መጣ፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ቤት መግባቱን ያላረጋገጠ ቡድን መሪ ቦታውን ይለቃል። ቦታውን የሚጠብቀው አብኔዘር ይባላል። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ሥራ ያስለመደው ራሱ ካሳዬ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ብቻ ካሳዬ ምሳ በልቶ ሲመለስ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል፤ አብኔዘር አጭር ነው።

«ልቅሶ ልሂድ ብዬ ያንን ልጅ ፈቃድ ስጠይቅ ይታይሽ!» አለ ካሳዬ ለሚስቱ ለአልማዝ።

«ልቅሶውን ተወውና ቲጂ ታስጠናህ» አለችው።

ቲጂ የአልማዝ ታናሽ እህት ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እነሱ ቤት፣ ሳሊተ ምሕረት ነው። ኤ ቢ ሲ ዲን በግቢው የብረት በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ጽፎ ያስቆጠራት ካሳዬ ነበር። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉርድ ሾላ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለው ፎቅ ክፍል ተከራይታ ፈተና የጨነቃቸውን ታስጠናለች። «ጋሼ» ትለዋለች፤ በዚያው አፏ «አንተ» ትለዋለች። ካሳዬ የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረጃውን ሲወጣ የተሰማው እፍረት ነው፤ ይህን ደብቆ በጉልበቱ አሳበበ።

የመጀመሪያው ምንባብ ስለ ንብ ነበር። ጸሐፊው ጭስ ካገኘች ንብ ትረጋጋለች፣ በጭስ ቀፎ የሚከፍት ሰው የሚሰጋበት ምክንያት የለም ይላል። ካሳዬ አነበበና ሣቀ።

«እንደ ጸሐፊው አባባል ጭስ ምን ያደርጋል?» አለች ቲጂ።

«አያስተማምንም።»

«የት ላይ ነው ያለው?»

«አላለም። ሰውየው ንብ አያውቅም። አባቴ መንዝ ሃያ ቀፎ ነበረው፤ እኔ በጭሱ መሃል ቆሜ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ ተነድፌአለሁ።» ሦስተኛውን ቦታ ለማሳየት ሲነሣ ቲጂ አስቀመጠችው።

ሁለተኛው ምንባብ ለየትኛውም ከተማ ከብስክሌት የሚሻል መጓጓዣ የለም ይላል። «ከመገናኛ ወደ ላይ ፔዳሉን እየመታ ይምጣና ያውራ!» አለ ካሳዬ። በሦስተኛው ምንባብ እርሳሱን ጥሎ ቆመ። ሦስተኛው በሥራ ቦታ የስብሰባ ጥቅም የሚያወድስ ነበር።

ቲጂ ወረቀቱን አርማ አስረከበችው። ከአሥር አራት።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛህ ምንም አልሆነም። ጠበኛ ሆነህ ነው እንጂ» አለችው።

«እውነቱን ስለተናገርኩ?»

«ጥያቄው ጸሐፊው ምን አለ ነው። ካሳዬ ምን ይላል የሚል ጥያቄ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? ወረቀቱስ እሺ፣ ሥራው ነው። አንተን ምን አስያዘህ?»

ሌላ ሰው ቢናገረው ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ያሳደጋት ልጅ ናትና ዋጠው። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር አለፈ። ካሳዬ ስለ ንብ፣ ስለ ብስክሌት፣ ስለ ስብሰባ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ግን ከአራት አልነቃነቅ አለ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቲጂ ራሷ ተስፋ መቁረጥ ጀመረች። እሱ ደግሞ ዝቅ ያለውን ወንበር መልሶ ከፍ ማድረጉን ተወው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ካሳዬ ለሽምግልና ተጠራ። ለዚህ ለዚህ ሳሊተ ምሕረት ውስጥ ከእሱ የሚቀድም የለም። የተጣሉት ወይዘሮ የሺአረግና ሱቃቸውን የተከራየው ሙክታር ናቸው። ሙክታር የለስላሳ ፍሪጁን ከሱቁ አውጥቶ ግቢያቸው በር አጠገብ ገተረው፤ እሳቸው መብራቱን ቆረጡበት። ቲጂ ከእህቷ ጋር መጥታ በረንዳው ጥግ ተቀመጠች፤ ሌላ ሥራ ስለሌላት እንጂ ሽምግልና ወድዳ አይደለም።

«ተናገር» አለ ካሳዬ።

ሙክታር ተናገረ። ፍሪጁ ከበሩ ሁለት ሜትር እንደሚርቅ፣ ማንንም እንደማይነካ፣ መብራት ተቆርጦ ወተቱ እንደተበላሸበት አስረዳ። ሁለት ሜትር ሲል የሺአረግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ካሳዬ ራሱ ሲገባ ያንኑ ፍሪጅ በጉልበቱ መትቶት ነበር፤ ሲቀመጥም ጉልበቱን እያሻሸ ነበር። ግን አልተናገረም። ሙክታር እስኪጨርስ ጠበቀና ቀጥ ብሎ አየው።

«ያልከው ይህ ነው። ፍሪጁ ከበሩ ሁለት ሜትር ይርቃል። መንገድ አይዘጋም። መብራት በመቆረጡ ወተት ተበላሽቶብሃል። የምትፈልገው መብራቱ እንዲመለስልህ ነው። ጨመርኩ?»

«አልጨመሩም፣ ጋሽ ካሳዬ።»

«ቀነስኩ?»

«አልቀነሱም።»

ለየሺአረግም እንዲሁ አደረገ። ሁለቱም አለመጨመሩን፣ አለመቀነሱን ከመሰከሩ በኋላ ብቻ ተነሥቶ ሜትር አስመጣ። ስልሳ ሴንቲ ሆነ። ሙክታር መሬት መሬት አየ፤ ፍሪጁ ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ መብራቱም በራ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቲጂ እጁን ያዘችው። «ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሁለት ሜትር ሲልህ ለምን አልተሟገትከውም?»

«ሽማግሌ እኮ ነኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። መጀመሪያ ቃሉን አሟልቼ ካልያዝኩለት በምኑ ልፈርድበት ነው?»

ቲጂ መንገዱ መሃል ቆመች። «ጋሼ፣ የንቡ ሰውዬ ምን አደረገህ? ለሙክታር የሰጠኸውን ለምን ነፈግከው?»

ካሳዬ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አልማዝ በትዳር ዘመኗ ይህን ስታይ ሁለተኛዋ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጸሐፊ እንደ ሙክታር በረንዳ ላይ አስቀመጠው። አንብቦ ሲጨርስ ጮክ ብሎ «ያልከው ይህ ነው» ይልና ይዘረዝራል፤ «ጨመርኩ? ቀነስኩ?» ይላል፤ ተመልሶ በምንባቡ ይፈትሻል። ቲጂ ክፍል ጎኑ ተቀምጠው የሚያጠኑት ሳቁበት። ከአሥር ስድስት አመጣ። ቀጥሎ ስምንት አመጣ። ሳቁ ቆመ፤ አንዲት ልጅማ ስትንሾካሾክ «ጨመርኩ?» ስትል ሰማት።

የፈተናው ዕለት ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ በአዳራሹ ካሉት ሁሉ በዕድሜ እሱ ይበልጥ ነበር። ፈታኟ እንኳ መጀመሪያ ልጁን ያደረሰ አባት መስሏት «ወላጆች ውጭ ይጠብቁ» ብላው ነበር። ሦስቱን ምንባቦች ደህና አለፈ። አራተኛውን ከፈተ።

ጸሐፊው ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ የሰው አእምሮ አዲስ ነገር መያዝ እንደሚቸግረው ያትታል። መሥሪያ ቤቶችም የትምህርት ዕድልን ለጎልማሶች በማደል ወጣቱን እየበደሉ ነው ይላል። ካሳዬ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ፊቱ ጋለ። ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ደግሞ አዘነ፣ ምክንያቱም ሰውየው ያለው ነገር እሱ ራሱ የፋርማሲውን ደረጃ ሲወጣ የሚያስበው ነበር።

ጥያቄው መጣ። ጸሐፊው ከሚከተሉት በየትኛው ይስማማል? «ኤ» ሰው በማንኛውም ዕድሜ ይማራል ይላል። ደስ የምትል፣ የምታባብል «ኤ» ናት። «ሲ» ደግሞ ለጎልማሳ የተሰጠ የትምህርት ወንበር ከወጣት የተነጠቀ ወንበር ነው ይላል።

እጁ ወደ «ኤ» ሄደ። የማውሱን ቀስት እዚያው አድርሶ አቆመው። ከዚያ በልቡ ሰውየውን አስቀመጠው። ያልከው ይህ ነው፤ እኔ አልችልም ነው ያልከው። እዚህ መቀመጤ ከአብኔዘር መንጠቅ ነው ያልከው። ጨመርኩ? አልጨመረም። ቀነስኩ? መቀነስ ተመኝቶ ነበር፤ ግን አልቀነሰም። «ሲ»ን ተጫነ።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በምሳ ሰዓት ወጣ። ቲጂ በስልኳ ፈልጋ አገኘችው፤ እየጮኸች ቤቱን አናጋችው። አልፏል። የእንግሊዝኛው ውጤት ከሒሳቡ ይበልጥ ነበር። አልማዝ እልል አለች። ካሳዬ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስለ አራተኛው ምንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራቸው።

«ምን መለስክ?» አለች ቲጂ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሱ ያለውን።»

ካሳዬ ጉሮሮውን ጠረገና ያሳደጋትን ልጅ ቀና ብሎ አያት።

«ቲጂዬ፣ አሁን ልናገር? ይፈቀድልኛል?»

«ተናገር፣ ጋሼ።»

«አርባ አምስት ያለፈው ሰው አይገባውም ያለኝ ሰውዬ ያለው ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ገባኝ። እንግዲህ ማናችን ነን የተሳሳትነው?»

ቲጂ መሳቅ ስትፈልግ እንባዋ ቀደማት። ካሳዬ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ከወር በላይ ያጠራቀመውን ፈታው፤ ከጸሐፊው ወደ ብስክሌቱ፣ ከብስክሌቱ ወደ ስብሰባው አለፈ፤ ንቡ ጋ ሲደርስ ሦስተኛውን ቦታ ሊያሳያቸው ተነሣ።