የተዘጋው ጊታር

ዘፋኟ ስልኳን ይዛ ኩሽና ገብታለች። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ እስኪያነሳ ትጠብቃለች፤ የምትነግረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ አልዘፍንም። ስልኩ እየጠራ ሳለ ሳሎን ከተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች መካከል የባንዷ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሹክሹክታ ተሰማት። ይህ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ከድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ጆሮው ስለደከመ፣ የሱ ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ንግግር ይበልጣል።

«እሷ እኮ እስከ ዛሬ አታውቅም» አለ አጠገቡ ለተቀመጠው። «ነፍሱን ይማርና፣ ጊታሯን ይዘጋው ነበር። ሁሌም።»

ስልኩን አቋረጠችው።

ሟቹ ታላቅ ወንድሟ ነው። ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለው ነበር፤ አንድ የጊታር ክር ከቃናው ትንሽ ብትወርድ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያውቃልና። ልጆች ሳሉ እሷ ሮክ እዘፍናለሁ ብላ ቤቱን ስታምስ፣ እሱ የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትቶ አምፕሊፋየር ሠራላት። አባታቸው ከዚያ በኋላ ዜና የሚሰሙት ጎረቤት እየሄዱ ነበር። እሷ መድረክ ላይ፣ እሱ ከአዳራሹ ኋላ ድምፁን የሚያመጣጥንበት ሚክሰር ላይ፣ እንዲህ ሆነው አረጁ። ልትጀምር ስትል በትንሿ ጣቷ የጊታሯን ድምፅ መጨመሪያ እስከ መጨረሻው ታዞርና ቀና ብላ ታየዋለች። እሱም አውራ ጣቱን ያነሳላታል። ይህ ሳይሆን የተጀመረ ዝግጅት የለም።

ሳሎን ገባች። «ምኑን ነው የዘጋው?»

ቤዝ ተጫዋቹን ሻዩ ትን አለው። «ተይው እባክሽ፤ አሁን ጊዜው ነው?»

«ምኑን?»

«ጊታርሽን ነዋ። ድምፅሽ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ እሱን ማንም አይክድሽም። እጅሽ ግን ኮርድ ሲቀይር ሁሌ ከኋላችን ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ ዝም ያሰኘዋል። ሕዝቡ የሚሰማው ከጎንሽ የሚጫወተውን የሌላኛውን ልጅ ጊታር ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«ስንት ጊዜ ዘፈንሽ?»

ግድግዳው ላይ ወንድሟ በገዛ እጁ በፍሬም የሰቀለው የድሮ ጋዜጣ አለ። ጊታሯን አቅፋ የተነሳችው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «እሳት የሚተፉ ጣቶች» ይላል። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደዚያ ዞረ። እሷም ዞረች። ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ብቻ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ጀርባዋን እያሻሹ «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ሲሏት ጭራሽ ባሰባት።

ሳቁ ሲበርድላት ንዴቱ መጣ። የቅዳሜውን ነገር ያመጣው እሱ ራሱ ነበር። የድሮ ዘፈኖቿን ያለ ከበሮ፣ ያለ ሚክሰር፣ ኤሌክትሪክ በማያሻው አንድ ቦክስ ጊታር ብቻ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ እንድትዘፍናቸው አልጋ ላይ ተኝቶ የለመናት እሱ ነው። «ጩኸቱን እናውልቅለትና ዘፈኑን እንየው» አላት። ፊት ለፊቷ ሊቀመጥ ቃል አስገብታው እሺ አለች። አሁን እሱም የለ፤ ጣቶቿም እሳት እንደማይተፉ ታወቀ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ከደበቀኝ» አለች፣ «ምን ሊሆን ነው በመጨረሻ ራቁቴን ሊያወጣኝ የፈለገው?»

የወንድሟ ሚስት ሻይ መቅዳቷን ተወች። መኝታ ቤት ገብታ የባሏን የጆሮ ማዳመጫ ይዛ ተመለሰች፤ ስፖንጁ አልቆ በጨርቅ የተሰፋ ነው።

«ለአዳራሹ ዘጋው እንጂ ለራሱ መች ዘጋው?» አለቻት። «በዚህች ያንቺን ጊታር ብቻ ነበር የሚሰማው። ቤት ይመጣና ‹ዛሬ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ገደል ገባች› እያለ፣ ስህተትሽን በአፉ እየተጫወተ በሳቅ ይፈርሳል። ንገራት እንጂ ስለው፣ ‹ከነገርኳት ትለማመዳለች፤ ከተለማመደች እኔ ምን እሰማለሁ?› ይላል።»

«ታዲያ ቅዳሜስ?»

«ሲደክም ነው የነገረኝ። ‹ብቻዬን ሰማኋት፤ ስስቴ ይብቃኝ፣ ሰውም ይስማት› አለ።»

ዘፋኟ ማዳመጫውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው። ይህ ተንኮለኛ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንደዚህች ደቂቃ ናፍቋት አያውቅም። ስልኳ ጮኸ፤ የአዳራሹ ሰው ነው። ስለ ቅዳሜ ደውለሽ ነበር ወይ ይላታል።

«አዎ» አለችው። «ለጊታሩ የራሱ ማይክ አድርጉለት።»

ስልኩን ዘግታ ቦክስ ጊታሩን አስመጣች። «ለቅሶ ቤት?» ብሎ አንድ ሰውዬ አጉረመረመ።

«እስቲ ዝም በል፤ ልንሰማ ነው» አሉት አሮጊቷ።

የጀመረችው ያን አዳራሽ ሙሉ ሰው «ክፈት!» እያለ የሚጮህበትን ዘፈን ነው። በሮክ ሲሆን ከዚያች ቃል በቀር ሌላውን ከበሮው ይውጠዋል፤ ሰዉም የቁጣ ዘፈን ይመስለዋል። አሁን በዝግታ ስትዘፍነው ሌሎቹ ቃላት አንድ በአንድ ወጡ። አምሽታ የመጣች ልጅ ናት፤ አባቷ በሩን ቆልፈዋል፤ ወንድሟ በመስኮት ሊያስገባት በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ይመጣል። ጮኻ ጮኻ ለማን እንደጻፈችው እሷም ረስታው ነበር።

«የመስኮት ዘፈን ነው እንዴ?» አለ ቤዝ ተጫዋቹ በሹክሹክታው፤ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ኮርዱ መቀየር ነበረበት። እጇ እንደ ልማዱ ዘገየና ጊታሩ አጉል ድምፅ አወጣ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። የወንድሟ ሚስት እንባዋ እየወረደ በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ አሮጊቷ፣ ከዚያ ሳሎኑ በሙሉ።

ዘፋኟም ሳቀች። ትንሿ ጣቷ ድምፅ መጨመሪያውን ፍለጋ ወረደች፤ ያገኘችው ግን ልሙጥ እንጨት ነው። እዚያው እንጨቱ ላይ የሌለውን መጨመሪያ እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ቀና ብላ ወደ ክፍሉ ጀርባ አየች፤ ቀጠለች።