የሳተው ጠመንጃ

ዴንዚል ፕሮሰር ጥንቸል አቁስሎ ለቆ አያውቅም ነበር። በእንግሊዝ አገር በሌምስተር ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ጥንቸል የፖም ችግኛቸውን ሲልጥባቸው የሚጠሩት እሱን ነው። የአየር ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፣ አጥር ሥር ይተኛል፣ አንዴ ይተኩሳል፣ አለቀ። በዚያ መኸር ግን አንዷን ወገቧን መታት። እየተጎተተች እሾህ ውስጥ ገባችበት። በሰባ ሦስት ዓመቱ በጉልበቱ እየዳኸ እስኪመሽ ፈለጋት፤ አላገኛትም።

እሑድ ልጁ ግዌንዳ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ እርሳስ ሲያቀልጥ ደረሰች።

«ምሳ በልተሃል፣ አባዬ?»

«ጥፋቱ የጥይቱ ነው» አላት። ለምሳው መልስ መስጠቱ መሆኑ ነው። «እርሳሱ ከአሮጌ ጣሪያ የተነቀለ ነው፤ ደረቅ ነው። ለስላሳ እርሳስ ያስፈልገኛል።»

ጥይቱን ራሱ ነበር የሚሠራው። አቅልጦ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ በእጅ መጫኛ አጥብቆ ይጫናል፣ አንድ በአንድ ይመዝናል፣ ሚዛኑን የሳተውን ወደ ድስቱ ይመልሳል። ግዌንዳ ተኩስ የተማረችው ከእሱ ነው፤ አሁን ሄሪፎርድ ውስጥ አውቶቡስ ትነዳለች። የዚያን ዕለት ጥይቱን ከቆርቆሮ ጣሳው በጣቱ ማንሳት ትቶ ጨርቅ ላይ እንደሚዘረግፈው አየች። ሥራ ሲፈታ ደግሞ የቀኝ አውራ ጣቱ አመልካች ጣቱ ላይ ክር እንደሚያፍተለትል ሰው ይንቀሳቀሳል።

«እስቲ አንቺ ሞክሪው» አላትና ሻይ ሊያፈላ ገባ።

ጓሮው ውስጥ ተጋድማ የወረቀት ዒላማ ላይ ተኮሰች፤ ደገመች፣ ደጋገመች። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር። ጥይቶቹ ሁሉ በእሱው አልፈዋል፤ ጥፋቱ የጠመንጃውም የጥይቱም አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ሌላ ሰቀለችና ሆን ብላ ጥይቱን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ በተነችው።

አባቷ ሲመለስ ዒላማውን በርቀት ማያ መነጽሩ አየ። «አየሽ? አንቺንም አስቸግሮሻል።»

«አዎ፣ ይበትናል።»

ፊቱ በራ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲፈካ አላየችውም ነበር።

የብርዱን ወራት ሙሉ ከጠመንጃው ጋር ታገለ። የአየሩን ግፊት ቀነሰ፣ ጨመረ፤ ሞላውን አላላ፣ አጠበቀ፤ አፈሙዙን ወለወለ፤ የጥይቱን ቅርጽ ማውጫ ለወጠ። እሷም እየመጣች አውቃ ትስታለች።

«ሐኪም ዘንድ ብንሄድስ?» አለችው አንድ ቀን።

«የጠመንጃ ሐኪም አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ለሚቀጥለው እሑድ እነግረዋለሁ ብላ ሄደች። ለሚቀጥለውም አልነገረችውም።

በየካቲት ስትመጣ ጠመንጃው መስቀያው ላይ የለም። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ተቀምጧል።

«ያኛውስ?»

«ለሴድሪክ ሰጠሁት፤ ጠመንጃ ጠጋኙ። ለመለዋወጫ እንዲፈታው። እንዳለ ብሸጠው ሌላ ሰው እንስሳ ያሰቃይበታል።»

«ሰደፉንስ? አንተ የጠረብከውን?»

«ሰደፍ ዒላማ አይመታም፣ ልጄ።»

ጓሮ ወጡና በአዲሱ ተኮሰ። ጥይቱ ወረቀቱ ላይ ተበተነ። መነጽሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ።

«ተኩሺ» አላት።

ተጋደመች። እንደለመደችው የመጀመሪያውን ሳተች።

«ግዌንዳ» አላት በቀስታ። «ሳላስተምርሽ በፊት እንኳ ቃታ እንዲህ ጎትተሽ አታውቂም። በደንብ ተኩሺ።»

በደንብ ተኮሰች። ወደ ወረቀቱ ሄዶ የኋለኞቹ ጥይቶቿ ሁሉ ያለፉባትን አንዷን ቀዳዳ በጣቱ ነካት። ጣቱ እዚያው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ያኛውም እንዲህ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው እሑድ።» ከተጋደመችበት ተነሣች። «ደስ እንዲልህ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አላት።

በእሷ መኪና ሴድሪክ ዘንድ ሄዱ። ሴድሪክ እጁን እየጠረገ ወጣ። አፈሙዙን ለስኮትላንድ ሰው ሸጦታል፤ ሰደፉንም ለሌላ ጠመንጃ እንዲሆን ቆርጦታል።

«አፈሙዙ እኮ እንከን አልነበረበትም» አለ ሴድሪክ። «ምን አድርጎህ ነው ያስፈታኸው?»

«ጥፋቱ የሱ መስሎኝ ነበር» አለ ዴንዚል። አመስግኖት ተመለሰ።

መኪናው ውስጥ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ተቀመጠ። ግዌንዳ ቁልፉን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

«ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ።»

«ማክሰኞ ሥራ አለብሽ።»

«እቀራለሁ።»

ደጅ ደጁን አየ። ዝናብ ጀምሯል።

«ጧት ይሁን እንግዲህ» አላት። «ከሰዓት በኋላ ይብስብኛል።»