አባቴ የጠገነው ቧንቧ

እና አንድ ጠብታ ብቻ፣ እላቸዋለሁ አዳራሹ ውስጥ ለተሰበሰቡት የሰፈራችን ሰዎች፣ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ፣ በቀን ባልዲ ይሞላል፣ ባልዲውን ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ እናቴ ማዱቤ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጎበዝ ልጄ እንደማለት፣ ምነው ባልመጣች ኖሮ፣ ቡላዋዮ ውስጥ ስንት ሰፈር አለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አስተማሪዎቹን ሲመድብ የእኛ ሰፈር ለምን ለእኔ ደረሰ።

ቀዩን ቀለም የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምሩ፣ ሳትለቁት ሳህኑ ከቀላ ያፈሳል ማለት ነው። አፌ ይናገራል፣ እኔ ግን ያለሁት እናቴ ግቢ ነው፣ ማንጎው ሥር፣ ሰፈሩ በድርቅ ቢጫ ሆኖ እዚያች ቦታ ብቻ ሣሩ ለምልሟል። አባቴ የቆፈረበት ነው። የተቀደደ የብስክሌት ጎማ የሚያፈሰው ቧንቧ መገጣጠሚያ ላይ ጠመጠመ፣ አፈሩን መለሰ፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገና በቃ አለ፣ በአራተኛው ቀን ሞተ።

እማ እንቆፍረው። አይቆፈርም ዞድዋ፣ የአባትሽ እጅ የነካው፣ መንፈሱን በድግስ ወደ ቤት ሳንመልስ አይነካም። ታዲያ እንመልሰዋ፣ ዓመቱ ሞልቷል፣ መንፈሱ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው አላልሽም? በምን ልመልሰው፣ ለድግሱ የማሽላ ጠላ ያስፈልጋል፣ ለጠላው ሁለት በርሜል ውሃ ያስፈልጋል። ለወር የተመደበልንን ውሃማ ከወሩ እኩሌታ በፊት አፈሩ ይጨርሰዋል። ከጎረቤት እንለምን። በልመና ውሃ ጠላ ጠምቄ ነው ባሌን የምቀበለው? እኔ ደግሞ የቧንቧውን መዝጊያ ልዝጋ ብል ዝጎ አልዞርም አለኝ፣ ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ፣ ድግሱ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃው ቁፋሮ ይፈልጋል፣ ቁፋሮው ድግሱን ይፈልጋል፣ ምን ላድርግ፣ ምንም።

የሚያፈስ ቧንቧውን ያልጠገነ ቤት ቆጣሪው ላይ ማጥበቢያ ቀለበት እንዲገባ ይደረጋል፣ ይላል የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ፣ ራሴ ነኝ ያነበብኩላቸው፣ ቀለበቱ ከገባ ውሃው ክር ያህላል፣ በክር ደግሞ በርሜል አይሞላም። የሚያፈሱትን ቤቶች መዝጋቢዋም እኔ ነኝ። የእናቴን በር ሦስት ወር ሙሉ እንዳላየሁ ሆኜ አልፌዋለሁ።

ከኋላ ማሲባንዳ፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማ። ሴቶቹ ይስቃሉ። እውነቷን ነው።

አለቃዬ በሩ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጨርሺ በይ።

ቤቱ የሚያፈስ እጁን ያንሳ፣ እላለሁ።

ማንም። ቀለበቱን እየሰሙ ማን ያነሳል፣ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ አለቃዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይህን ያህል ወር አስተምረሽ አንድ ሰው እንኳ አልገባውም ሊለኝ ነው፣ እባካችሁ፣ አንድ ሰው፣ እናቴ ፊቴን ታያለች፣ እንዲህ ስታየኝ አውቃታለሁ፣ ትምህርት ቤት መዝሙሩ ጠፍቶብኝ መድረክ ላይ የቀረሁ ቀን እንዲህ ነበር ያየችኝ፣ አይ እማ፣ አንቺ አይደለሽም፣ ተይ።

ታነሳለች።

እኔ ቤት ያፈሳል አስተማሪ፣ ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ አዳራሹ እንዲሰማ። ጥሩ ነው ያስረዳሽን።

ጻፊያ፣ ይላል አለቃዬ።

የቤት ቁጥር ስንት ነው እላታለሁ፣ እዚያ ቤት እንዳልተወለድኩ፣ እሷም ትነግረኛለች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ ቁጥሩን፣ ልጅ ሳለሁ ብጠፋ ለሰው እንድናገር ባስጠናችኝ ዜማ።