የወቃሪው ትንፋሽ

ሙዘይን ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ገበሬ» ይል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ቁራሽ መሬት አለው። ግን ሐይቅ ላይ እሱን በማረሻ የሚያውቀው ማን አለ? ሰው የሚያውቀው በመሮና በመዶሻው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍጮ ሲወቅር፣ የለሰለሰውን ድንጋይ እየጠቀጠቀ ሻካራ ሲያደርግ ኖሯል። ታዲያ የእጅ ሥራ በሚናቅበት አገር አድጎ፣ መዝገብ ላይ «ወቃሪ» ተብሎ መጻፍ አሳፈረው። ጥፋቱ ይኸው ነው!

ጦርነቱ ሐይቅ የደረሰ ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ወፍጮ ቤቱም ዝም አለ። ሴቱ ሁሉ የእናቱን የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ እየጎተተ አወጣ። ማን ይወቅረው? ሙዘይን! በር ዘግቶ፣ ተኩስ እየሰማ፣ ከቅንድቡ እስከ ጢሙ ነጭ ብናኝ ለብሶ ወቀረ። «ዱዓ አድርጉልኝ» ከማለት በቀር የጠየቀው ነገር የለም።

ጦርነቱ አለፈ፤ ያኔ የጀመረው ሳል ግን አላለፈም። ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ገበሬ ነኝ» ይላል፤ እነሱም የሳንባ ነቀርሳ ይጠረጥራሉ። ስድስት ወር ኪኒን ዋጠ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በገዛ እጁ ኩባያውን ለየ፣ መኝታውንም ለየ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነበር። ልጁ ሂንድ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ በእነሱ ቤት ደግሞ አዲስ በተወለደ ሕፃን ጆሮ አዛን የሚያደርገው አያት ነው። «በዚህ ትንፋሼ?» እያለ ያለቅስ ነበር። አዎ፣ ያለቅስ ነበር፤ ወንድ ነው ብዬ አልደብቅለትም።

በዚህ መሀል ዶክተር ጥሩብርሃን የምትባል የሳንባ ሐኪም፣ መድኃኒት ያልሠራላቸውን የሳል ሕመምተኞች ለማጥናት ከደሴ መጣች። የሙዘይንንም ደም ቀድታ ሄደች። ከወር በኋላ ጤና ጣቢያው አስጠራችው፤ ከሚስቱ ከዙሌይካ ጋር ገባ።

«ጋሽ ሙዘይን፣ ሳንባ በድንጋይ ብናኝ ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚሉ ምልክቶች አሉ። የእርስዎ ከፍ ብለዋል። አክታዎ ሦስቴ ታይቶ ነቀርሳ አልተገኘበትም። እርስዎ ግን ገበሬ ነኝ ብለዋል። ይሄ ብናኝ ከየት መጣ?»

ዙሌይካ አላስቻላትም።

«ገበሬ? ወይ ጉድ! የሐይቅን ወፍጮ ሁሉ የወቀረው ማን ሆነና! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይሄ ደግሞ መሮውን ደበቀ!»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ደም ብቻውን አይፈርድም» አለችና ደሴ ወስዳ ራጅ አስነሳችው። ራጁም ያንኑ አለ።

«የተጎዳው ሳንባ አይመለስም፤ አልዋሽዎትም» አለችው። «ብናኙን ከተዉና ክትትልዎን ካላቋረጡ ግን ገና ብዙ ይኖራሉ።»

«ለሕፃን ይተላለፋል?» አላት።

«ብናኝ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሽሩ፣ አይዞዎት!»

«አልሀምዱሊላህ!» ብሎ እዚያው በግንባሩ ተደፍቶ ሱጁድ ወረደ። ቤት ሲደርስ መሮውን ለጎረቤቱ ለኑርዬ አስረከበ፤ ድንጋዩን በውሃ ሳያርስ፣ አፉንም ሳይሸፍን እንዳይነካው ወላሂ አስብሎ። ዙሌይካ ያቺን የተለየች ኩባያ ለዶሮዎቿ ውሃ አደረገችባት።

ሂንድ ዓርብ ጠዋት ሴት ልጅ ወለደች። ሙዘይን እንደ ልማዱ አፉን በጋቢው ሸፍኖ በር ላይ ቆመ።

«አባ፣ ና እንጂ! ልጄ የማንን አዛን ልትሰማ ነው?» አለችው።

እጁን ታጥቦ ሕፃኗን ታቀፈ፣ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «አላሁ አክበር» ብሎ ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ሳሉ ያዘው። ደንግጦ ፊቱን አዞረና ሕፃኗን ለእናቷ ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

ሂንድ አልተቀበለችውም።

«ትጠብቅሃለች» አለች።

ትንፋሹን ሰብስቦ ካቆመበት ቀጠለ።