አሥራ አምስተኛው ዱላ

"አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት…" አለችና የክሩ እህት ጣቷን ቦርሳው ውስጥ ካሉት ዱላዎች በአንዱ ላይ አሳረፈች።

"ምን ሆንሽ?" አለ ክሩ፣ ኳሱን ለመትከል እንዳጎነበሰ።

"አሥራ አምስት።"

ቀና አለ። "ድገሚው እስቲ።"

ደገመችው። አሥራ አምስት። ሦስተኛ ጊዜ እሱ ራሱ የየዱላውን አናት እየነካ ቆጠረ። ያው አሥራ አምስት። በጎልፍ ሕግ ተጫዋች ከአሥራ አራት ዱላ በላይ ይዞ ሜዳ አይገባም። ከገባ፣ ትርፉን ዱላ ቢመታበትም ባይመታበትም ይቀጣል። እነሱ ደግሞ ሁለት ጉድጓድ ጨርሰው ሦስተኛው መነሻ ላይ ቆመዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሰውየው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን በጎልፍ ነው ያደረው። ኳሱ እንደሌሎቹ ርቃ አትሄድም፤ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ባልደረቦቹም ለዚህ ነው "ክሩ" ብለው ያወጡለት። ቦርሳውን የምትሸከምለት ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በመጀመሪያው ዓመት "ለአንድ ሰሞን ብቻ" ብላ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ተከተለችው። ያ ሰሞን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የመጨረሻ ቀን ነው። በዓመቱ ነጥብ እስከ ስልሳኛ የወጣ ለከርሞ ከባለሙያዎቹ ጋር ይቀጥላል፤ ስልሳ አንደኛው ወደ ቤቱ። ክሩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ተፎካካሪዎቹ በጠዋቱ ምድብ ተጫውተው ስለጨረሱ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ በሰባ አንድ ምት ከጨረሰ ይተርፋል፣ በሰባ ሁለት ከጨረሰ አበቃለት። ካበቃለት የሚጠብቀው ሥራም የታወቀ ነው፤ ልምምድ ሜዳ ላይ ለጀማሪ ዱላ አያያዝ ማሳየት። ሥራው ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱ ግን ገና መጫወት ይፈልጋል።

"ማነው የከተተው?" አለ።

"እኔ ነኛ። ጫማህን ስታስር ከመኪናው አውጥቼ ከተትኩት። አሮጌውን፤ ምናልባት ትመታበታለህ ብዬ።"

ነገሩ ሁሉ ከዚህ አሮጌ ዱላ ነው የሚጀምረው። ከመነሻው ኳስን አርቆ የሚመታው ትልቁ ዱላ አንድ ብቻ ነበር፤ በእሱ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ሜትር ይመታል፣ ኳሷም መሐል ሜዳ ቁጭ። ግን ዘመኑ የረጅም መቺዎች ሆነ። ጢም ያላበቀለ ሁሉ ሦስት መቶ እየመታ ሲያልፈው ዘንድሮ ክሩም እጅ ሰጠ። አዲስ ዱላ ገዛ፣ ወገቡን እንደ ወጣት ማዞር ተማረ፣ ሃያ አምስት ሜትር ጨመረ። ከሜትሮቹ ጋር ግን ዛፉም፣ ረጅሙ ሣርም፣ የሰው አጥርም አብሮ መጣ። እህቱ አዲሱን ዱላ በዓይኗ ማየት ጠላች። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ በዚሁ ተጋጭተው ተኳርፈው ነው የወጡት። ሌላ ቀን ቢሆን ከመጀመራቸው በፊት ዱላውን አንዱን እሱ፣ ቀጣዩን እሷ እየጠሩ በጋራ ይቆጥሩታል። የተኳረፈ ሰው ግን እንዴት አብሮ ይቆጥራል!

አብሮት የሚጫወተው ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ትከሻ ሰፊ ልጅ ነው፤ መድፉ ይሉታል። ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ምን ተፈጠረ?"

"አሥራ አምስት ዱላ ይዣለሁ።"

"ኧረ በሞትኩት!" አለ መድፉ። ጥፋቱ የራሱ ይመስል ፊቱ ቀላ።

ዳኛዋ ተጠርታ በትንሿ መኪናዋ መጣች፤ ቦርሳውን አየች፣ ቆጠረች፣ ጻፈች። "ለየጉድጓዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምት ተጨምሮብዎታል። አሁኑኑ አንዱን ከጨዋታ ያውጡ።"

"የትኛውን?"

"እሱ የእርስዎ ፋንታ ነው። ብቻ ይፍጠኑ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።"

እህቱ እጇን አሮጌው ዱላ ላይ እንዳደረገች ታየዋለች። አፍ አውጥታ አልለመነችውም፤ ዓይኗ ግን ይለምናል። ክሩ ደሙ ፈልቷል። አራት ምት! ባለሙያ አራት ምት በአራት ቀንም አይመልስም።

"ያንቺን ነው የማወጣው" አለና አሮጌውን መዝዞ፣ አናቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ቦርሳው ውስጥ ተከለው። ከጨዋታ የወጣ ዱላ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። መሸከሙ ግን አይቀርም፤ እህቱም ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ አጥልቃ ተነሣች።

እስከ ሰባተኛው ጉድጓድ ክሩ በንዴት መታ። አንዷ ኳስ መሐል ሜዳ አረፈች፣ አንዷ ዛፍ ሥር ገባች፣ አንዷ ደግሞ ዛፍ ገጭታ ተመለሰችለት። መድፉ ከእሱ አርባ ሜትር እያስቀደመ፣ ከእሱ ብሶ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ዋለ። "ጋሼ፣ በዚህ አያያዛችን ማገዶ ለቅመን ብንመለስ ያዋጣናል" ይላል እየሳቀ። የሳቀለት ግን የለም።

ሰባተኛው ላይ የክሩ ኳስ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው በእግራቸው ሣሩን እየገለጡ ሲፈልጉ እህቱ ድንገት ቆመች።

"አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።"

"አሁን?"

"አሁን። ከዚህ በላይ ሆዴ አይችለውም። በየጉድጓዱ የመታኸውን ዓመቱን ሙሉ ስጽፍ ነበር። በአሮጌው ከአሥር ኳስ ስምንቱን ሜዳው ላይ ታሳርፍ ነበር። በዚህኛው አምስቱን ብቻ።"

"አውቃለሁ። ይኸው እያየሽው አይደል?"

"አላወቅክም፤ አስጨርሰኝ። በዚህኛው በቀን አንድ ምት ታተርፋለህ።"

ክሩ እግሩን ከሣሩ ሳያወጣ ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ሣር ውስጥ ብትገባም ቅርብ ነህ፤ ባጭር ዱላ ታወጣታለህ። በአሮጌው መሐል ሜዳ ቆመህ እንኳ ባንዲራው ሩቅ ነው። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ሦስት ጊዜም ያው ነው የወጣልኝ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሦስት ወር ሆነኝ።"

ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ "አርጅቼ ተሞኘሁ፣ ከሰው እኩል እሆናለሁ ብዬ ራሴን አጠፋሁ" እያለ ሲብሰለሰል፣ መልሱ እሷ ኪስ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ከዱላውም ከቅጣቱም በላይ ይሄ አንገበገበው።

"ለምን?" አለ።

"ስለፈራሁ" አለች። "በአሮጌው ኳስህ የት እንደምትወድቅ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። 'ግራውን ያዝ፣ ሦስት ክንድ አሳጥር' ስልህ ትሰማኛለህ። በዚህኛው ምን አውቄ ምን እነግርሃለሁ? ዕቃ ጫኝ ሆኜ ቀረሁ። ዕቃ ለመጫን ደግሞ ጉልበተኛ ሞልቷል፤ ነገ አንዱን ታመጣና እኔን ታሰናብተኛለህ ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ እውነቱ ይኸው ነው።"

መድፉ ከማዶ "አገኘኋት ጋሼ! እዚህ ናት!" ብሎ ጮኸ። ክሩ ወደ ኳሱ ሄደ። ከሣሩ መንጭቆ ሲያወጣት ከባንዲራው ሁለት እርምጃ ላይ ተኛች፤ ገፍቶም አስገባት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መድፉ ዛሬም ድረስ ለሰው ያወራል። ክሩ በቃ ተፈታ። ዛፍ ሥር ሲገባ አይሳደብም፤ ባጭር ዱላ አውጥቷት ይቀጥላል። ሜዳው ላይ ስታርፍለትም ያው ነው። አንዷን ምት መለሰ፣ ሁለተኛዋን መለሰ፣ ሦስተኛዋንም መለሰ። እህቱን ገና ይቅር አላላትም፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ግን ውኃ ስታቀብለው ተቀበላት፤ አሥራ አራተኛው ላይ ደግሞ "ነፋሱ ከየት ነው?" ብሎ ጠየቃት። "ከጀርባህ ነው" አለችው፤ ድምጿ ውስጥ ደስታዋ ይሰማ ነበር።

አሥራ ስምንተኛው መነሻ ላይ ሲደርሱ ሒሳቡ ወለል ብሎ ታየ። ይህን ጉድጓድ በአራት ምት ከጨረሰ ሰባ አንድ ነው። በአራት የሚጨርሱት ብዙዎች ናቸው፤ ግን በግራ ውኃ፣ በቀኝ ዛፍ፣ መሐሉ ጠባብ ነው።

"እትዬ፣ ምን ልምታ?" አላት።

አዲሱን ዱላ ከገዛ ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ውኃውን አየች፣ ዛፉን አየች፣ የተዘቀዘቀውን አሮጌ ዱላ ግን አላየችም። "ረጅሙን" አለች። "ጫካ ብትገባም ባጭር ዱላ ታወጣታለህ።"

መታ። በሕይወቱ እንደዚያ መትቶ አያውቅም። ኳሷ ሁለት መቶ ስልሳ ሜትር ሄደች፤ ያውም ቀጥ ብላ፣ ዝንፍ ሳትል። መድፉ እንኳ የራሱን ተራ ረስቶ አጨበጨበ። ሁለተኛው ምት ለስላሳው ሣር ላይ አወጣት፤ ለባንዲራው ሰባት እርምጃ ቀራት። ሁለት ጊዜ መግፋት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋን ገፋ፤ ጉድጓዱን አልፋ አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለተኛዋን ገፋ። የጉድጓዱን ከንፈር ዞረች፣ ዞረችና ውጪ ቀረች። ሁለት መቶ ስልሳ ሜትር የታዘዘች ኳስ በአንድ እርምጃ እምቢ አለች።

ሰባ ሁለት።

የውጤት ወረቀቱን ፈረመ። መድፉ አጠገቡ ቆሞ "ጋሼ፣ እነዚያ አራቱ ባይኖሩ እኮ…" ብሎ ጀመረና እህትየው በሩ ላይ መቆሟን ሲያይ ምላሱን ነከሰ። ጨብጧቸው ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተጨማደዱ የውኃ ጠርሙሶች። ቦርሳውን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቁጭ አለች።

"እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁህ" አለችው።

"አዎ፣ አንቺ ነሽ" አለ። ውሸት እንዲያጽናናት አልፈለገም። አንጀቱ አርሯል፤ ማልቀስም አምሮታል። ቀጥሎ ግን "እኔም አልቆጠርኩም" አለ።

ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከስልሳዎቹ የወደቁ ከስድስት ሳምንት በኋላ ማጣሪያ መጫወት ይችላሉ፤ ምዝገባው ዛሬ ማታ ይዘጋል። ክሩ ከጸሐፊዋ ቅጽ ተቀብሎ ተመለሰና መሙላት ጀመረ። የቦርሳ ተሸካሚ ስም የሚለው ላይ ሲደርስ እህቱ እጁን ያዘችው።

"የኔን አትጻፍ። ሌላ ፈልግ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው።"

"የቱን ሥራ? የዚህን ዱላ ርቀት የሚያውቅ ሰው የለም እኮ። ሌላ ባመጣም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።"

"እኔስ?"

"አንቺም ከዜሮ ነሽ።" እጁን ከእጇ ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀና ስሟን ጻፈ፤ ከነአባቷ። "ተነሽ፣ ገና አልመሸም።"

ልምምድ ሜዳው ላይ ሰው አልነበረም። አንድ ባልዲ ኳስ አፈሰሰና ረጅሙን ዱላ መዘዘ። እሷ ጨርቅ እንደምትለካ ሁሉ እርምጃዋን መጥና እየቆጠረች ሄደች፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ስትደርስ ቆማ ወደ እሱ ዞረች።

ክሩ በዱላው ምልክት ሰጣት። "ራቅ በይ እትዬ! ገና ነው፣ ራቅ በይ!"

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላዋ እየራመደች መቁጠሯን ቀጠለች።